በቁልፍ የተዘጋው ቀይ እጀታ

ሳጥኑን የበየደው ባሌ ራሱ ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው እስከ ዛሬ ድረስ ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ እሱ ስለሆነ ነው። ላሜራውን እንዲቆርጥ፣ ማጠፊያ እንዲያበጅለት፣ ጓጉንቸር ቁልፍ የሚገባበትን ቀለበት እንዲበይድበት አዘዙት። ሠራው። እጁ የተበላሸ ሥራ አያውቅምና አሳምሮ ሠራው። ሰው እንዳይቧጭር ብሎ ጠርዙን እንኳ በሞረድ አለሰለሰው። ከዚያ ሳጥኑን ተሸክሞ ሄዶ፣ ሕይወቱን የሚያድነውን እጀታ በገዛ እጁ ከተተበትና፣ ሌላ ሰው ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ በመተማ ቆላ፣ ከኮኪት ወዲያ በነበረ አንድ የመንግሥት እርሻ። ቆላው ሰሊጥና ማሽላ ነው። ሰሊጡን የሚያጭዱት ከጎጃምና ከወሎ በእግር፣ በጭነት መኪና እየተጫኑ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ እኛ ሳሉግ እንላቸዋለን። ማሽላውን ኮምባይነር ያጭደዋል። ኮምባይነርና ትራክተር ደግሞ በዋልካ መሬት ላይ ሲውሉ ያልተሰበረ ነገር የላቸውም፤ ስለዚህ ብየዳ አይቆምም፤ ብየዳ ካለ ጋዝ አለ። ባሌ የዚያ የጋዝ ቤት ኃላፊ ነበር። እኔ የጽሕፈት ቤቱ ታይፒስት ነበርኩ።

የጋዝ ቤቱ ምን እንደሚመስል ልናገር፤ ያላየ ሰው ነገሩ አይገባውም። ካርባይድ የሚባል ግራጫ ድንጋይ አለ። ውሃ ሲነካው ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በትልቅ የብረት ታንክ ይጠራቀምና ወደ ሲሊንደር ይሞላል፤ ሲሊንደሩ በመኪና ተጭኖ እስከ ገለጉ ድረስ ላሉ ጋራዦች ይሄዳል። ሽታው የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ነው። ባሌ ማታ ሲገባ ሸሚዙ ወጥ ቤት የዋለ ይመስል ነበር። ከድንጋዩ የሚተርፈው ኖራ ከቤቱ ጎን በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ይደፋል፤ የሠራተኛው ሰፈር ቤቶች በሙሉ የተለቀለቁት በዚያ ኖራ ነው።

ከጋዝ ቤቱ በር በስተቀኝ፣ በውጭው ግድግዳ ላይ፣ የክንድ ያህል ርዝመት ያለው ቀይ እጀታ ነበር። ወደ ታች ሲሳብ ወደ ካርባይዱ የሚሄደውን ውሃ ይዘጋል፤ በዚያው ቅጽበት በጣሪያው በኩል የወጣውን ቧንቧ ይከፍትና ጋዙን ወደ ሰማይ ይለቀዋል። ሌላ ሥራ የለውም። መሣሪያውን የተከሉት የውጭ አገር ባለሙያ ባሌን ሲያሠለጥኑት ስለ ሌላው ሁሉ አንድ ጊዜ፣ ስለ እጀታው ግን በየቀኑ ይነግሩት ነበር። ለምን ውጭ ላይ እንደተሠራ አስጠንተውታል። ነገር ሲበላሽ ማንም ሰው ወደ ውስጥ መግባት እንዳይኖርበት ነው። የጋዙ ግፊት መለኪያ ቀዩን መሥመር ሲያልፍ ሳበው፤ ማንንም አትጠይቅ፤ ከሳብክ በኋላ የጠየቀህን ትመልሳለህ። ባሌ ይህን እቤት ሲደግመው ዳዊት የሚደግም ይመስለኝ ነበር። እስቅበት ነበር።

መጀመሪያ የሳበው በማሽላ አጨዳ ወቅት ነው። የፖለቲካ ኃላፊው ከጎንደር የመጡ እንግዶችን ይዞ ጋራዡን እያስጎበኘ ነበር። ይህ ሰው ከደጋ የመጣ፣ ካኪ ልብሱን በየቀኑ የሚያስተኩስ፣ ስለ ሁሉም ነገር ንግግር ያለው ሰው ነበር። እንግዶቹን ከጋዝ ቤቱ ፊት አቁሞ ስለ ምርት ዘመቻው ሲናገር ባሌ መለኪያውን አየ። ከጠዋት ጀምሮ ሙቀቱ ከብዶ ውሎ ነበርና መርፌው ቀዩን መሥመር አልፏል። ሰዎቹን ዞር በሉ አላቸው። አልሰሙትም። እጀታውን ሳበ።

ጋዙ በጣሪያው ሲወጣ ድምፁ መቶ እባብ ባንድ ጊዜ የነፋ ያህል ነው። እንግዶቹ ወደ መኪናቸው ሮጡ። የፖለቲካ ኃላፊው ግን ቦምብ መሰለው መሰለኝ፣ በደረቱ ወደ ጎን ዘለለ፤ የዘለለው ኖራው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሲወጣ ከአገጩ እስከ ጫማው ነጭ ነበር። ከሲሊንደሮቹ አጠገብ ጭነት የሚጠብቁ ሳሉጎች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ጎጃሜ፣ ከልቡ ያዘነ መስሎ፣ "አይ ጓድ፣ እኛ እኮ ቤት ነው የምንለቀልቅበት" አለው። በዚያ ቀን የተሳቀው ዓይነት ሳቅ በእርሻው ታሪክ ተስቆ አያውቅም። ባሌም ሳቀ። የሞተው በዚያ ሳቅ ነው ብዬ የማስብበት ጊዜ አለ።

በሦስተኛው ቀን ስብሰባ ተጠራ። ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ፤ ሌላ የሚጽፍ ስላልነበረ ባሌ ሲከሰስ የምጽፈው እኔ ነኝ። እጀታው በመሳቡ የገባው ካርባይድ በሙሉ ባክኗል፤ ታንኩን ማጽዳት ግማሽ ቀን ወስዷል፤ ሁለት ኮምባይነር ሳይበየድ አድሯል። የፖለቲካ ኃላፊው ይህን ሁሉ ዘረዘረና የኢኮኖሚ አሻጥር አለው። በዚያን ጊዜ ይህች ቃል ምን እንደምታስከትል የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከኛው ጋራዥ አንድ መካኒክ በዚችው ቃል ሄዶ አልተመለሰም፤ ሚስቱ ለሁለት ዓመት ስንቅ ስታመላልስ ቆይታ አንድ ቀን ስንቁን መልሰው ሰጧት።

"እጀታውን እንድትስብ ማን አዘዘህ?" አለው።

"መለኪያው።"

"መለኪያ ጓድ አይደለም።"

"አይደለም። ግን አይዋሽም።"

የመጨረሻዋን አልጻፍኳትም። እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ አንስቼ ቀለም እንደጨረሰ ሰው አራገፍኩት። ባሌ ግለ ሂስ አድርግ ተባለና ቆመ፤ ሰዎቹን ካስጠነቀቅኩ በኋላ ብዙ ጊዜ ስላልጠበቅኩ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ተቀመጠ። ያን ጻፍኩ።

ከስብሰባው በኋላ እጀታው እንዳይነካ በሰም ይታሸግ ተባለ። ሲባጎ ዙሪያውን አስረው፣ ቀይ ሰም አቅልጠው፣ ማኅተም መቱበት። ይህ የደጋ ሰው ሐሳብ ነው። ደጋ ላይ ሰም ዓመት ይቆማል። እኛ ዘንድ ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፤ ከጠዋት ሦስት ሰዓት በኋላ እጅ አያስነካም። እኩለ ቀን ሳይደርስ ማኅተሙ እንባ ሆኖ በግድግዳው ወረደ፤ ሲባጎው ተንጠለጠለ። የፖለቲካ ኃላፊው መጥቶ አየና የመንግሥት ማኅተም ሰበርክ ብሎ ባሌን ያዘው። ባሌ ፀሐይ ናት አለ። እሱም አሁን ደግሞ በፀሐይ ታሳብባለህ አለው። እንደገና ታሸገና አንድ ሚሊሻ ጠባቂ ቆመ። ጠባቂው ከፊት ለፊት፣ ራኩባ በምንለው የሣር ዳስ ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠና ሰሙ ሲፈስ ቁጭ ብሎ አየው። ሲጠየቅ፣ ዓይኔ እያየ ቀለጠ፣ ምን ላድርግ፣ ፀሐይዋን ይዤ ልሰራት ወይ ብሎ መለሰ።

ሌላ አገር ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ሰም ካልያዘ ብረት ይይዛል ተባለ። ሳጥን እንዲሠራ ለባሌ ታዘዘ። ትእዛዙን በታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ። ቃሉን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። "ከዛሬ ጀምሮ የጋዝ ቤቱ የማቆሚያ እጀታ ያለ ፖለቲካ ኃላፊው ፈቃድ እንዳይነካ በቁልፍ እንዲዘጋ፣ ቁልፉም በኃላፊው እጅ እንዲቀመጥ ታዟል።" ሥራ አስኪያጁ ፈረመበት። አንድ ዋና፣ ሁለት ግልባጭ። ግልባጩን ለባሌ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ በመዝገቡ ላይ መቀበሉን የፈረመልኝም ለኔ ነው። ሲፈርም ቀና ብሎ አላየኝም።

አንድ ምሳ ሰዓት ላይ ከቤታችን ደጅ ካለችው ራኩባ ሥር ተቀምጠን ነበር። ወጡን ነካ ነካ አድርጎ ተወው።

"አንቺ፣ ሥራ አስኪያጁ ያንቺን ነገር ይሰማሉ" አለኝ። "አንድ ቃል ጣይልኝ። ሳጥኑ ይቅር አላልኩም። ቁልፉ እኔ ዘንድ ይደር ብቻ በያቸው።"

"ስምህ ከአሻጥር ጋር ተነሥቷል" አልኩት። "አሁን እኔ ሄጄ ስናገር ምን የሚሉ ይመስልሃል? ጊዜው እስኪያልፍ አንገትህን ድፋ።"

"ታንኩም ጊዜው እስኪያልፍ ይጠብቃል?"

ሳህኑን አነሣሁ። እኔ የፈራሁት እስር ቤቱን ነው፤ ስንቁን የመለሱላትን ሴት ነው። ታንኩን አልፈራሁትም። ታንክ ስም አያነሣም፣ ሰው አይጠራም፣ ዝም ብሎ የቆመ ብረት ነው ብዬ ነው። ባሌ ደግሞ ከዚያ ቀን በኋላ ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ በጽሕፈት ቤቱ በኩል ዞሮ የፖለቲካ ኃላፊው መኪና መኖሩን ያይ ነበር። መኪናው ካለ ውሃውን ይከፍታል። ከሌለ ካርባይዱን በግማሽ ያደርገዋል፤ ሲጠየቅ ድንጋዩ እርጥብ ነው ይላል። እንዲህ ነበር የሚሠራው። አንድ ሰው በሥራው ላይ እያለ የሌላ ሰው መኪና ሲፈልግ ይውላል።

ባሌ በሞተበት ቀን መኪናው ነበር። ካርባይዱ ሙሉ ገባ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ የፖለቲካ ኃላፊው ለስብሰባ ተጠርቶ ወደ መተማ ዮሐንስ ሄደ፤ ቁልፉ ከሸሚዝ ኪሱ ጋር በገመድ ታስሮ ነበር።

አራት ሰዓት ላይ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገቡ። ሽማግሌ ናቸው፤ በሕይወቴ ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

"ልጄ፣ ቁልፉ የት ነው?" አሉኝ።

የውሃው መዝጊያ ተጣብቆ አልመለስ ብሏል፤ ውሃው ዝም ብሎ ወደ ካርባይዱ ይወርዳል፤ መለኪያው ቀዩን ነክቷል። የፖለቲካ ኃላፊውን መሳቢያ ጎተትኩ። የሌለ መሆኑን እያወቅኩ ጎተትኩ። የአዋጅ ወረቀት፣ የጫማ ቀለም፣ ግማሽ ፓኬት ሲጋራ። ሽማግሌው ወደ ሥራ አስኪያጁ ክፍል አለፉ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

"ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ ጓጉንቸሩን በመጋዝ እንቁረጠው" አሉት። "አሁን ይቆረጣል፤ ጋዙ ገና አልወጣም። ከወጣ በኋላ አይሆንም።"

ሥራ አስኪያጁ ብድግ አለ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ላብ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን የምለው ልምረው ብዬ አይደለም።

"ማን ፈርሞ?" አለ።

ሽማግሌው ወደ ጠረጴዛው ሲጠጉ ቀጠለ።

"ትእዛዙ በጽሑፍ ነው ያለው። ሳይሻር ልሰብረው ማን ይፈርማል? ላንድሮቨሩን ልኬ ቁልፉን አስመጣለሁ።"

ላንድሮቨሩ ተላከ። ኮኪትን አልፎ መተማ ዮሐንስ ደርሶ፣ ሰውየውን ከስብሰባ አስጠርቶ እስኪመለስ ምን ያህል እንደሚፈጅ በዚያ ክፍል ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ሽማግሌው ወጡ። እኔ ጠረጴዛዬ ጋ ተመልሼ ቆምኩ። አንድ ወረቀት ከታይፑ ላይ ግማሽ ተመትቶ ነበር፤ ስለ ናፍጣ በርሜል ነው። እሱን ሳይ እንደቆምኩ የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ በመስኮት ገባ። ጋዙ ወጥቷል ማለት ነው።

ያኔ ሮጥኩ።

ስደርስ ባሌ ጋራዡን ባዶ አድርጎታል። በያጆቹን፣ ሾፌሮቹን፣ ሳሉጎቹን ሁሉ ከሰሊጡ መጋዘን ወዲያ አሻግሯቸዋል፤ የብየዳው እሳት ጠፍቷል፤ የመኪና ሞተር እንኳ አንድም አይሰማም። ሽማግሌው መዶሻ ይዘው ወደ ሳጥኑ ሲሄዱ እጃቸውን ይዞ መለሳቸው። ብረት በብረት ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ፍንጣሪ ለዚያ ሁሉ ጋዝ በቂ ነው። መጋዙም ያው። ጊዜው ሥራ አስኪያጁ ክፍል ውስጥ አልቋል። እኔ ሜዳውን ሳቋርጥ አየኝ። አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ነበር። ባንድ እጁ ተመለሽ አለኝ፤ ልጅ እንደሚያባርር ሰው፣ በመዳፉ። ከዚያ ከታንኩ ጀርባ ያለውን የውሃ መዝጊያ በእጁ ሊዘጋ ወደ ውስጥ ገባ። ነገር ሲበላሽ ማንም ሰው እንዳይገባ ተብሎ እጀታው ውጭ ወደ ተሠራለት ቤት ገባ።

ስለ ፍንዳታው አልጽፍም። ጣሪያው የማሽላው እርሻ ላይ ወደቀ። ከሱ በቀር አንድም ሰው አልሞተም፤ አንድም ሰው። መዝጊያውን ግማሽ ድረስ አዙሮት ነበር ብለው በኋላ ነገሩኝ። ለምን እንደነገሩኝ አላውቅም።

የፖለቲካ ኃላፊው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ። የውጭው ግድግዳ ቆሞ ነበር፤ ሳጥኑም እንዳለ ነበር፤ ባሌ የበየደው ነገር በቀላሉ አይለቅም። ሰዎች እኔን ደግፈው በቆሙበት፣ እኔ ዓይኔ እያየ፣ ወደ ሳጥኑ ሄደና ቁልፉን አስገብቶ ከፈተው። እጀታውን ይዞ ወደ ታች ሳበው። ወረደ። በቅቤ እንደተቀባ ነገር ሳይንገጫገጭ ወረደ።

"ይሠራል" አለ። ለባለሥልጣን ሪፖርት እንደሚያደርግ ሰው፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ መልሶ ቆለፈው።

ብዙ ክፉ ነገር ሰምቻለሁ፤ ያን የመሰለ ነገር አልሰማሁም።

ለቅሶው በደንቡ ተለቀሰ። የሱ ዘመዶች ከደጋ ወረዱ፤ ከእርሻው አንድ ኩንታል ማሽላ ተላከ፤ ሽማግሌው በየቀኑ መጥተው ተቀምጠው ይሄዱ ነበር። ሥራ አስኪያጁም መጣ። እግዜር ያጥናሽ ሲለኝ ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት፤ እሱ ምንጣፉን ያይ ነበር። የፖለቲካ ኃላፊው አልመጣም፤ የላከው የአበባ ጉንጉን ላይ ስለ ትግል የተጻፈ ነገር ነበረበት። የባሌ እህት ጉንጉኑን ለፍየል ሰጠችው።

ወደ ሥራ ስመለስ ፋይል ሳስገባ የአደጋውን ሪፖርት ግልባጭ አገኘሁት። እኔ ስላልነበርኩ ሒሳብ ሹሙ በሁለት ጣቱ የመታው ነው፤ ፊደሉ እዚህም እዚያም ተዛንፏል። "አደጋው የደረሰው ሠራተኛው ከመመሪያ ውጭ ወደ ጋዝ ቤቱ ውስጥ በመግባቱና ባሳየው ቸልተኝነት ነው" ይላል። ስለ ሳጥኑ አንድ ቃል የለም። ስለ ቁልፉ የለም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ በፋይሉ አስገባሁት፤ ሥራዬ ስለሆነ።

አዲስ ታንክ መጣ። ጣሪያው ተሠራ። አዲስ ሠራተኛ ተቀጠረ፤ ሁለት ልጆች ያሉት፣ ከወሎ የወረደ በያጅ፤ ቀስ ብሎ የሚናገር። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ጽሕፈት ቤት መጣና ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። ማን መሆኔን ነግረውታል።

"እታለም" አለኝ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ቀይ እጀታ ሳጥን ውስጥ ነው። ቁልፉን ማን ነው የሚሰጠኝ?"

እኔ ከዚያ ሁሉ በኋላ ሳጥኑ የተነሣ መስሎኝ ነበር። ማን እንደሚያነሣው አላሰብኩም፤ ሰው ከሞተበት በኋላ ሳጥኑን ማንሣት የሚዘነጋ ሰው በምድር ላይ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ወደ ሥራ አስኪያጁ ገባሁ። አልለመንኩም፤ ሳጥኑ ለምን እስካሁን እንዳለ ጠየቅኩት። እስክሪብቶውን እያገላበጠ፣ ትእዛዙ በጽሑፍ ነው፣ እስካልተሻረ ድረስ ይጸናል፣ ለመሻር ደግሞ የበላይ አካል መጠየቅ አለበት፣ አሁን ጊዜው አይደለም አለኝ።

"ጊዜው መቼ ነው?" አልኩት።

"ታገሺ።"

ወጣሁ። ተቀመጥኩ። ወረቀት ከነካርቦኑ ታይፑ ውስጥ አስገባሁ። "በጋዝ ቤቱ የማቆሚያ እጀታ ላይ ተሰጥቶ የነበረው ትእዛዝ ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል። ሳጥኑ ተነሥቶ እጀታው በሠራተኛው እጅ እንዲሆን ታዟል።" ከሥሩ የሥራ አስኪያጁን ማዕረግ መታሁ። ከሚፈረሙት ወረቀቶች መካከል አስገባሁት፤ ከላዩ የሰሊጥ ማጓጓዣ ጥያቄ፣ ከሥሩ የወባ መድኃኒት። ማህደሩን ፊቱ አስቀመጥኩለት። ስለ ዝናቡ እየተናገረ ፈረመ። በዚህ ዓመት ክረምቱ ቀድሞ ይገባል አለ። አዎ አልኩት። አንዱን ከሌላው እየገለጥኩለት፣ እሱ የሚፈርምበትን ቦታ ብቻ እያየ፣ ሁሉንም ፈረመ።

ማኅተሙን መታሁበትና እኔው ራሴ ይዤው ሄድኩ። ወሎዬው አንብቦ ጨረሰ። ሽማግሌውን ጠርቶ፣ ታንኩ ባዶ በነበረበት ሰዓት፣ ሳጥኑን ከግድግዳው በመጋዝ ቆርጠው ጣሉት። ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ማጠፊያው አልለቅም አለ። ሽማግሌው አንዴ ቆም ብለው ላባቸውን ጠረጉና ሥራውን ሲያዩት ቆዩ፤ ከዚያ ፊታቸውን አዙረው መቁረጣቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ የፖለቲካ ኃላፊው ግልባጩን በእጁ ይዞ ገባ። በኔ ጠረጴዛ በኩል ሳያየኝ አልፎ ወደ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ገባና በሩን ሳይዘጋ፣ ይህን ማን አዘዘ ብሎ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ሥራ አስኪያጁ አነበበው። ፊርማውን አየ። በተከፈተው በር በኩል እኔን አየኝ፤ ረጅም ጊዜ አየኝ። እኔም አየሁት። ወስደው ያስሩኛል ብዬ ነጠላዬን በትከሻዬ አስተካክዬ ነበር።

"እኔ ነኝ" አለ።

ከዚያ ስለ አደጋ መከላከል፣ ስለ ሠራተኛው ደኅንነት፣ ከበላይ ስለመጣ መመሪያ ተናገረ፤ እንዲህ ያለ መመሪያ አልመጣም። ፊርማው የሱ ነውና ሌላ የሚለው አልነበረውም። የፖለቲካ ኃላፊው ጥቂት ጮኸ፤ ከዚያ ቁልፉን ከገመዱ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው፤ ሄደ። ማንም አልታሰረም። ማንም ወደ የትም አልተወሰደም። ሰው አንድ ሲጋራ አጭሶ የሚጨርስበት ጊዜ ያህል እንኳ አልፈጀም። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ ይህን እንደ ራሱ ሥራ ቆጥሮ ተናገረና ተጨበጨበለት።

ሰዎች ዛሬም በማን እንደምናደድ ይጠይቁኛል። በቆለፈው እናደዳለሁ። ማን ፈርሞ ባለው እናደዳለሁ፤ በሳቁት እንኳ የምናደድበት ቀን አለ። ከቀን ጋር የሚያልፍ ንዴት ነው። የማያልፈው ሌላ ነው። ደብዳቤው ሁለት መሥመር ነበር። ባሌ ያን ምሳ ሰዓት በጠየቀኝ ማግስት ወረቀቱም፣ ካርቦኑም ነበረኝ፤ ሰውየው ሳያነብ እንደሚፈርም ያን ጊዜም አውቅ ነበር፤ ማኅተሙም ያን ጊዜም በኔ መሳቢያ ውስጥ ነበር።